ከወገብ ላይ የተሰረቀ ስንዝር

ታንቲ ሊስትራ ስፒል በከንፈሮቿ መሃል ይዛ መሳቅ ትችላለች። በሰፈራችን በቤልሞንት ይህን የሚችል ሌላ ሰው አላየሁም። የማናችንም አክስት አይደለችም፤ የሥጋ ዘመዶቿ ያሉት ቶቤጎ ነው። የካርኒቫል ልብስ በምንሠራበት ካምፕ ውስጥ ግን ከባለቤቱ ከሚስተር ጋርኔት ጀምሮ ላባ እስከምለጥፈዋ እስከ እኔ ድረስ ሁላችንም አክስቴ እንደማለት ታንቲ ነው የምንላት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ጣቶቿ ቀጫጭን፣ ድምጿ ከስፌት መኪናዋ በላይ የሚሰማ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት።

ሥራዋ ወገብ መለካትና መስፋት ነው። በነሐሴ ሴቶቹ ልብስ ሊያዙ ይመጣሉ። የእኛ ከተማ ሴት የካርኒቫል ልብስ ስታዝ ያላትን ወገብ አትናገርም፤ በካርኒቫል ቀን እንዲኖራት የምትመኘውን ነው የምትናገረው። «ሜትሩን ጠበቅ አድርጊው ታንቲ፣ እስከዚያ እቀንሳለሁ» ትላለች። ከዚያ ገና ይመጣል። የአሳማው ጭን ይመጣል፣ በሩም አረቄ የራሰው ጥቁር ኬክ ይመጣል፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለው፣ ሥጋ የተሞላው ፓስቴል ይመጣል። ካርኒቫል ሲቃረብ ያቺው ሴት ልብሷን ልትወስድ ስትመጣ ቀበቶው ከኋላ አይገጥምም። ቀበቶው ደግሞ ሽቦ ነው፤ ላዩ ላይ ጨሌ ተለጥፎበታል፤ እንደ ጨርቅ አይላላም።

ታንቲ ለዚህ መላ አላት። ኡልሪክ፣ ሽቦ አጣፊያችን፣ ቀበቶውን ከኋላ በፒንሳ ይከፍተዋል። እሷ ክፍተቱ ላይ የሚለጠጥ ጨርቅ ትሰፋለች። እኔ ከላይ ላባ እለጥፍበታለሁ። ማንም አያየውም። ሴቶቹ ግን ይህን ከማግኘታቸው በፊት ምላሷን መቅመስ አለባቸው።

ካሚልን አስታውሳለሁ። ባንክ የምትሠራ፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ በየዓመቱ የምትመጣ ሴት ናት። በየዓመቱም ቀበቶዋ አይገጥምም።

«እጅሽን አንሺ የኔ ቆንጆ» ትላታለች ታንቲ ስፒሏን በአፏ እንደያዘች። «ልብሱ እኮ ሳጥን ውስጥ ሆኖ አልጠበበም። ያ ሁሉ ፓስቴል ታዲያ የት ይሂድ?»

ኡልሪክ ከሽቦው ላይ ቀና ሳይል ይቀበላታል፤ «አንድ ሙሉ አሳማ ገባ በሉኛ! በሩን ክፈቱለት!»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ካሚልም እጇን እንዳነሳች ትስቃለች። ዓይኗ ግን ወለሉን ነው የሚያየው።

ባለፈው ነሐሴ ሚስተር ጋርኔት ወደ ታንቲ መኪና ቀረበና ቆመ። ቆዳ ላይ እንደተለጠፈ ሙጫ ቃላት ከአፉ በግድ የሚላቀቁለት ሰው ነው። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሌላውን አለበስሽ» አላት። «ዘንድሮ አንቺ ትለብሻለሽ። ከእኔ ነው። የፈለግሽውን ምረጪ።»

ታንቲ በካርኒቫል ማክሰኞ፣ በትልቁ የጭፈራ ቀን፣ መንገድ ላይ ያልወጣችበት ዓመት የለም። የምትወጣው ግን ከሁሉም ኋላ ነበር፤ የካምፑን ካኔቴራ ለብሳ፣ ክርና መርፌ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የተቀደደውን እየሰፋች፣ ለደከመው ውኃ እያቀበለች። ስፒሎቹን አንድ ባንድ ካፏ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ በጣቷ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሥዕል አመለከተች። የዘንድሮ ልብሳችን ጭብጥ የረግረጉ ወፎች ነበሩ፤ እሷ የመረጠችው ማታ ማታ ዛፎቹ ላይ የሚሰፍሩትን ቀያዮቹን ነው።

ሜትሩን አንስቼ «ነይ ታንቲ፣ ልለካሽ» አልኳት።

«ማንን ነው የምትለኪው? ሜትሩ እኮ እኔ ነኝ!» ብላ ሳቀችና ለኡልሪክ ቁጥሩን ከተቀመጠችበት ጮክ ብላ ነገረችው።

ኡልሪክ ቁጥሩን ደገመው። ቀና ብሎም አያት። እሷ ፊቷን ወደ መኪናዋ አዙራ ክር ታስገባ ነበር። እሱም ሽቦውን በዚያው ልክ አጠፈው። ሌሎቹን ስትለካ አጠገቧ ቆሜ ስለኖርኩ ዓይኔ ለምዷል፤ ከወገቧ ላይ አንድ ሙሉ ስንዝር ሰርቃ ነበር።

ገና አለፈ። እሷም እንደ ሴቶቹ ሁሉ ገናን በላች።

አዲስ ዓመት ሲገባ ታንቲ የምሳ ዕቃዋን መደበቅ ጀመረች። ሰው ምግብ የሚደብቀው ሌላው እንዳይበላበት ነው፤ እሷ የምትደብቀው ግን አለመብላቷን ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ክዳኑን በትንሹ ትከፍታለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ወዲያው ትዘጋለች። አንድ ቀን ሙጫ ልወስድ በጀርባዋ ሳልፍ አየሁት። አንድ የተቀቀለ እንቁላልና የተከታተፈ ኪያር ነው። ዕቃው ትልቅ ስለሆነ ኪያሩ ጥግ ላይ ተሰብስቦ ነበር።

ከሥራ በኋላ ደግሞ ሰው ለእግር ጉዞ የሚወጣው ኮረብታ አለ። በዚያ ወቅት ከተማችን ፖርት ኦፍ ስፔን በሙሉ እዚያ ላይ ናት፤ ሁሉም ከገና የተረፈውን ሊያራግፍ ይወጣል። አብሬያት እሄዳለሁ። አንዴ ወጥታ ስትወርድ «አንድ ጊዜ ደግሞ» ትላለች። እያደር ስፌቷ መወላገድ ጀመረ። መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት እየሞከረች አቅቷት ወደ እኔ ትገፋው ጀመር።

የወደቀች ቀን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ሁለተኛውን ዙር እየወጣን ነው።

«በቃን ታንቲ፣ እንውረድ» አልኳት።

«አንቺ ውረጂ። ዱላ የመሰለ እግር ይዘሽ ምን ቸገረሽ?»

ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ዳር ተቀመጠች። «እነዚህ ዛፎች ምን ሆነው ነው የሚዞሩት?» አለች። ከዚያ በጎኗ ተዘረጋች።

ሰው ተሰበሰበ። አንዷ በባርኔጣዋ ታራግባለች፤ አንዱ ሯጭ መኪናውን ሊያመጣ ቁልቁል በረረ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሟን እጠራለሁ። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው በዙሪያዋ የቆመውን እግር ሁሉ ነው። የተናገረችውም በጆሮዬ ነው።

«ካኔቴራዬን ሳቢልኝ። ሆዴ እየታየ ነው።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ስኳሯ ወርዷል፣ ግፊቷም ወርዷል ተባለ። መድኃኒት ሰጧት፣ አሳደሯት፤ ጠዋት ላይ ሐኪሙ ወደ ምግብ ባለሙያዋ ላካት። ሚስ ቪድያ ትባላለች፤ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ጸጉሯን በአንድ ጉንጉን ወደ ኋላ የጣለች ልጅ ናት። ታንቲን ሚዛን ላይ ስታወጣት ታንቲ ቁጥሩን ላለማየት ጣራውን አየች።

«በቀን ውስጥ ምን ይበላሉ?»

«እንደማንኛውም ሰው።»

«ማንኛውም ሰው ምን ይበላል?»

ታንቲ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ውጪ ጠብቂኝ» አለችኝ። ልወጣ ስነሳ ደግሞ እጄን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። «ተይው። ተቀመጪ። አንቺማ አይተሽዋል።» ከዚያ ለጠረጴዛው ነገረችው። «ጠዋት ሻይ፣ ያለ ስኳር። ምሳ ላይ እንቁላልና ኪያር። ማታ የጎመን ሾርባ።»

«ጎመኑንም ይበሉታል?»

«አንዳንዴ።»

«ከሾርባው ጋር ሌላ ነገርስ? ዳቦ? አሳ?»

ታንቲ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም።

ሚስ ቪድያ በልቧ ደመረች። «ይሄ ሁሉ ሰባት መቶ ካሎሪ ቢሞላ ነው። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ቢውሉ እንኳን ልብዎ እንዲመታ፣ ሳንባዎ እንዲተነፍስ የዚህ እጥፍ ያስፈልግዎታል። እርስዎ ደግሞ አልጋ ላይ አይደሉም። ይሠራሉ፣ ኮረብታ ይወጣሉ። በእርስዎ ዕድሜና ክብደት፣ ከእርምጃው ጋር፣ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ገደማ በቀን ያቃጥላሉ። ከዚያ ላይ አምስት መቶ ይቀነሳል እንጂ ሺህ አምስት መቶ አይቀነስም። ሺህ ሰባት መቶ ይብሉ።»

«ሺህ ሰባት መቶ!» ታንቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው መቀነስ ነው፤ መወፈር አይደለም።»

«ይቀንሳሉ። ማንም ሴት ያለ ሐኪም ከሺህ ሁለት መቶ በታች አትወርድም፤ እንዲህ እየተራመዱ ደግሞ እሱም ያንስዎታል። ሰውነት ሲነፈግ ስቡን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ ጡንቻንም ይበላል። ትናንት እግርዎ የከዳዎት ለምን ይመስልዎታል? በእግር በሚሄዱበት ቀን መብላት ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ለመሆኑ የሚያስቸኩል ነገር አለ?»

«ሰርግ አለብኝ» አለች ታንቲ። «የእህቴ ልጅ።»

ጸጉሯ ውስጥ፣ ከጆሮዋ በላይ፣ አንዲት ቀይ ላባ ተሰክታ ነበር። ካምፑ ውስጥ የማንም ጸጉር ውስጥ ላባ አይጠፋም። ሚስ ቪድያ ላባዋን አየቻት፤ የሰርጉን ቀን ግን አልጠየቀችም።

«ጤናማው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ነው» አለች ለስለስ ብላ። «ሰርጉ በካርኒቫል ሰሞን ከሆነ፣ እስከዚያ ሁለት ኪሎ፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል። ወገብዎ ላይ ሁለት ጣት ቢሆን ነው።»

«ሁለት ጣት» አለች ታንቲ። ጭኗ ላይ ያለው እጇ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ተዘርግቶ ቆየ። ከዚያ ጨበጠችው።

እንደተባለችው በላች። ይህን ልመስክርላት። ጠዋት አጃና ሙዝ፤ ምሳ ላይ ስኳር ድንች ወይም ጎደሬ ከምስርና ከባምያ ጋር፤ ከኮረብታው ስንወርድ እንቁላል በዳቦ፤ ማታ አሳ። ኮረብታውንም አንዴ ብቻ ወጥተን እንመለስ ጀመር። ስፌቷ ተቃና። ድምጿም ተመለሰ። ምሳዋን ግን አሁንም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትበላው። በፊት ባዶው ዕቃ ያሳፍራት ነበር፤ አሁን ደግሞ ሙሉው አሳፈራት። ኡልሪክ በአጠገቧ ሲያልፍ ክዳኑን በመዳፏ ትሸፍናለች።

ልብስ የሚወሰድበት ሳምንት ገባ። ታንቲ ሙጫ ወደምናስቀምጥበት ጓዳ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። ቀዩን ቀበቶ ከሳጥኑ አውጥታ ወገቧ ላይ አድርጋለች። ከኋላዋ ዞርኩና ሁለቱን ጫፎች ያዝኩ። ሁለቱ ጣት ቀንሷል፤ እውነት ነው። የቀረው ስንዝር ግን እንዳለ ነበር።

«ሳቢው።»

«አልደርስ አለኝ ታንቲ።»

«ትንፋሼን ይዣለሁ፣ ሳቢው!»

ጨሌው እየረገፈ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ለቀቅኩት። ታንቲ ቀበቶውን ይዛ የሙጫ ጣሳ ላይ ተቀመጠች።

«ገና አንድ ሳምንት አለኝ» አለች። «አንድ ሳምንት ብቻ በኪያርና በውኃ ብውል…»

እኔ ብዙ አልናገርም፤ ስናገርም ድምፄ አይወጣም። ግን «ኮረብታው ላይ የሞትሽ መስሎኝ ነበር» አልኳት። «ለኡልሪክ ስጪው። እንደ ሌሎቹ ይክፈተው፣ አንቺ ስፊው፣ እኔ ላባውን እለጥፋለሁ።»

«ለኡልሪክ? ለዚያ ምላስ? አመሻሹ ላይ ቤልሞንት በሙሉ ይሰማል። ሊስትራ፣ ሜትሯ ሊስትራ፣ የራሷን ወገብ ዋሸች ይባልልኛል። የሳቅኩባቸው ሴቶች ሁሉ…» አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

«የሱ ምላስ ያንቺን አያህልም» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ልመልሰው ብፈልግም አልተመለሰም።

ታንቲ ቀበቶውን ጣሳው ላይ ትታ ተነሳች። ከውጪ የሚስተር ጋርኔት ድምፅ ተሰማ፤ «ታንቲ! ካሚል መጥታለች!»

ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ካሚል ሳጥኗን ከፍታ፣ ቀበቶዋን አድርጋ፣ ከኋላ እንዳልገጠመ አይታ፣ ማንም ሳያዛት እጇን አንስታ ቆማለች። ለስድቡ የሚሆነውን ፈገግታ አስቀድማ አዘጋጅታዋለች።

«በይ ጀምሪ ታንቲ። ዘንድሮም አሳማው ገብቷል።»

በታንቲ ከንፈሮች መሃል ስፒል አልነበረም። የካሚልን ቀበቶ ፈታች። ከዚያ ወደ ጓዳ ተመለሰችና የራሷን ይዛ ወጣች። ከጓዳው እስከ ኡልሪክ ጠረጴዛ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በዚያን ቀን ግን በጣም ረዘመ። ሁለቱንም ቀበቶዎች ፊቱ አስቀመጠች።

«ሁለቱንም ከኋላ ክፈትልኝ» አለችው። «ይሄኛውን በደንብ ክፈተው። የሰጠሁህ ልክ ውሸት ነበር።»

ዝቅ ባለ ድምፅ አይደለም የተናገረችው። በዚያው ከመኪናው በላይ በሚሰማው ድምጿ ነው።

ኡልሪክ ሁለተኛውን ቀበቶ አገላበጠው፣ ውስጡ ላይ በክር የተጻፈውን ስም አየ። ቤቱ በሙሉ ይጠብቃል። እኔም ጠበቅኩ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ፒንሳውን አንስቶ ሽቦውን መቁረጥ ጀመረ። ከቅጭልጭልታው በቀር ምንም አይሰማም ነበር። የታንቲ ጆሮዎች ሲግሉ ከቆምኩበት የታየኝ መሰለኝ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንሄድ «ምነው በሰደበኝ» አለች። «አንድ ቃል ቢናገር እመልስለት ነበር። ዝም ሲለኝ ምን ልበለው?»

ካርኒቫል ማክሰኞ ጠዋት አጃዋን በልታ፣ ሙዝ ደግማ መጣች። ትከሻዋ ላይ የቆሙት ክንፎች ከጭንቅላቷ በላይ ይወጣሉ፤ ወገቧ ላይ ቀዩ ጨሌ ያበራል። ዘንድሮ ውኃውንና ክሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከኋላዋ እሄዳለሁ።

ያማረባት መሆኑን ስነግራት አልሰማችኝም። ድምፅ ማጉያ የጫነው የሙዚቃ መኪና መንገዱን እያናወጠ ይሄዳል፣ ሴቶቹ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይጨፍራሉ፣ ታንቲ ግን አንድ እጇን ብቻ ነው የምታነሳው። ሌላው ከኋላዋ ወገቧ ላይ ተለጥፏል፤ ጨርቁ ላይ። እኔ ላባውን ደራርቤ ለጥፌበት ነበር። አላመነችኝም።

ካሚል በረድፎቹ መሃል እየተጋፋች መጣች። እሷም የቀዩን ወፍ ልብስ ነው የለበሰችው።

«እጅሽ ምን ሆነ ታንቲ? ተሰብሮ ነው?»

«ተይኝ እስቲ።»

«ማንም አያየውም እኮ። ይኸው የኔን እዪው።» ጀርባዋን አዞረች። «በየዓመቱ እዚያው ነው ያለው። ማን አየው?»

«እኔ» አለች ታንቲ። «እኔ አየሁት። አይቼም ዝም አላልኩም።»

ካሚል ዞራ አየቻት። ጭፈራውን አቁማለች። «አዎ» አለች። «ዝም አላልሽም። ከናንተ ቤት ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ከዚያ በዓመቱ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ምን ላድርግ፣ እንዳንቺ የሚሰፋ የለም።»

ታንቲ ቆማ የካሚልን ጫማ አየች። «ካሚል፣ እኔ…» ስትል የሙዚቃው መኪና አጠገባችን ደረሰና ቃሏን ወሰደው። ካሚል በምልክት አልሰማሁሽም አለቻት፤ ታንቲም አልደገመችውም። ሁለተኛ የምትለው ነገር አልመሰለኝም።

መኪናው ሲያልፍ ካሚል ከመንገዱ ዳር በሽምብራ የተሞላ ሁለት ደብልስ ገዝታ ተመለሰች፤ ሽምብራው ትኩስ ነው፣ ወረቀቱ በቅባት ረጥቧል። አንዱን ለታንቲ ዘረጋችላት።

«ያዢ። ከጠዋት ጀምሮ እየሄድሽ ነው።»

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«ታዲያ የት ልትበዪ ነው? ግድግዳ ፊት?»

ካሚል ስለ ግድግዳው የምታውቀው ነገር የለም፤ እንዲሁ ያለችው ነው። ታንቲ ግን ወደ እኔ ዘወር ብላ አየችኝ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

ደብልስ በአንድ እጅ አይበላም። ሁለቱ ስስ ቂጣዎች ይንሸራተታሉ፣ ሽምብራው ይፈሳል። ታንቲ በአንድ እጇ ሞከረች፤ መረቁ እስከ ክንዷ ወረደ፣ ሁለት ፍሬ ሽምብራ ቀዩ ጨሌ ላይ ወደቁ። «ይሄ ከሺህ ሰባት መቶው ስንቱ ይሆን?» ብላ አጉረመረመች።

«ምኑ?»

«ምንም።»

ከዚያ ከወገቧ ላይ እጇን አነሳች። ቀስ ብላ ነው ያነሳችው፣ አንድ ነገር ከኋላ የሚወድቅባት ይመስል። ደብልሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ጎረሰች። ጉንጯ እየተንቀሳቀሰ ዓይኗ አሁንም መሬት ላይ ነበር። ከኋላዋ ስሄድ ላባዎቹ በንፋሱ ሲከፈቱ የሰፋችው ጨርቅ ለእኔ በደንብ ይታየኝ ነበር፤ ቀይ ነው፣ ስፌቱም ቀጥ ያለ ነው። ውኃውን ወደ ሌላው እጄ አዛውሬ ትንሽ ጠጋ አልኳት፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው እኔን ብቻ እንዲያይ።